መጀመሪያ ዕቃው፣ ከዚያ ዋጋው፦ ጓንግዡ ለሚገበያይ ነጋዴ

ለንግድ ወደ ቻይናዋ ጓንግዡ የሚሄድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ምክር «የጠሩልህን ዋጋ ግማሹን በል» የሚል ነው። ምክሩ መታሰቢያ ዕቃ ለሚገዛ አገር ጎብኚ ይሠራ ይሆናል፤ ለነጋዴ ግን አደገኛ ነው። የጓንግዡ ጅምላ ሻጭ ከጀርባው ፋብሪካ አለው። ፋብሪካው ደግሞ በመልክ አንድ የሆነን ቦርሳ በ50 ዩዋንም በ30 ዩዋንም ሊሠራው ይችላል። ዋጋው ሲወርድ የቆዳው ውፍረት፣ ዚፑና ገበሩ አብረው ይወርዳሉ። ገዢው ተከራክሮ ያሸነፈ መስሎት ይመለሳል፤ ልዩነቱ የሚታየው ካርቶኑ አዲስ አበባ ሲከፈት ነው።

ስለዚህ ዋናው ምክር ይህ ነው፦ የምትገዙት ዕቃ በዝርዝር ሳይወሰን ስለ ዋጋ አትከራከሩ። የቀረው ሁሉ ይህን በተግባር ለማዋል የሚረዳ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት

ሒሳቡን አገር ቤት ጨርሱ። መነሻችሁ የቻይናው ዋጋ ሳይሆን ዕቃው መርካቶ ላይ የሚሸጥበት ዋጋ ይሁን። ከእሱ ላይ ትርፋችሁን፣ ቀረጥና ታክሱን፣ የማጓጓዣና የመጋዘን ወጪውን ቀንሱ። የሚተርፈው ለአንድ ፍሬ ልትከፍሉት የምትችሉት ከፍተኛ ዋጋ ነው። ይህን ቁጥር በዩዋን ቀይራችሁ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት፤ ለማንም አታሳዩት። እሱ በእጃችሁ ካለ የሻጩ ፈገግታም ሆነ «ዛሬ ብቻ ነው» የሚለው ጥድፊያ አያናውጣችሁም።

የአገራችን ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው መግዣ ላይ የመድንና የማጓጓዣ ወጪው ተደምሮ መሆኑንም አትርሱ። ርካሽ ሆኖ ብዙ ቦታ የሚይዝ ዕቃ በማጓጓዣውም በቀረጡም በኩል ይወደዳል። ከመሄዳችሁ በፊት ከጉምሩክ ትራንዚተራችሁ ጋር ተቀምጣችሁ የዕቃውን ቀረጥና የሚያስፈልጉትን ወረቀቶች ጠይቁ።

ስልካችሁንም አዘጋጁ። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕና ጎግል በቻይና ኔትወርክ አይሠሩም። ሻጩ፣ አስተርጓሚውና ዕቃውን የሚያጓጉዘው የካርጎ ድርጅት የሚያገኟችሁ በዊቻት ነው፤ አገር ቤት ሳላችሁ ክፈቱት። አሊፔይን ጫኑና ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ካላችሁ አያይዙት፤ ለምግብ፣ ለታክሲና ለባቡር ይጠቅማችኋል። የሆቴላችሁን አድራሻ በቻይንኛ ያዙ። ሆቴሉ ፓስፖርታችሁን አይቶ ለፖሊስ ያስመዘግባችኋል። ሰው ቤት የምታርፉ ከሆነ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ራሳችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ መመዝገብ አለባችሁ።

መቼ ትሄዳላችሁ?

የጓንግዡው ትልቅ የንግድ ትርዒት፣ የካንቶን ትርዒት፣ ከፈረንጆቹ 1957 ጀምሮ የሚካሄድ ሲሆን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፈረንጆቹ ሚያዝያና ጥቅምት አጋማሽ ይከፈታል። እያንዳንዱ ዙር በሦስት ምዕራፍ ይከፈላል። በመጀመሪያው ኤሌክትሮኒክስ፣ ማሽነሪና የብረታ ብረት መሣሪያ ይቀርባል፤ በሁለተኛው የቤት ዕቃ፣ ስጦታና የግንባታ ዕቃ፤ በሦስተኛው ልብስ፣ ጨርቅ፣ ጫማና መጫወቻ። ምዕራፉን ሳያረጋግጥ ቲኬት የሚቆርጥ ሰው ሊገዛ የመጣውን ዕቃ ሳያይ ሊመለስ ይችላል። ትርዒቱ ፋብሪካዎችን ፊት ለፊት ለማግኘት ይጠቅማል፤ ፋብሪካዎቹ ግን ብዙ ለሚያዝዝ ገዢ ያደላሉ፣ በዚያ ሰሞንም የሆቴል ዋጋ ይንራል። በካርቶን ደረጃ ለሚገዛ ሰው የከተማው ጅምላ ገበያዎች ይሻሉታል።

የማይኬድበት ጊዜ የቻይና አዲስ ዓመት ሰሞን ነው። በዓሉ በፈረንጆቹ ጥር መጨረሻና በየካቲት ሦስተኛ ሳምንት መካከል ይውላል። ሠራተኛው ወደየትውልድ ቀዬው ስለሚሄድ ፋብሪካዎች ለሳምንታት ይዘጋሉ። ከበዓሉ በፊት የሚሰጥ ትእዛዝ በጥድፊያ ይሠራል ወይም ወደ በኋላ ይገፋል። ከፈረንጆቹ ጥቅምት 1 ጀምሮ ባለው የብሔራዊ በዓል ሳምንትም እንዲሁ ሥራ ይቀዘቅዛል።

የትኛው ዕቃ የት ነው?

መርካቶ በየተራው እንደተከፈለ ሁሉ ጓንግዡም በዕቃ ዓይነት የተከፋፈለች ናት፤ አንዱ ተራ ግን ሰፈር ያህላል። ቦርሳ፣ ቀበቶና የቆዳ ዕቃ ሳንዩዋንሊ አካባቢ፣ በባይዩን የቆዳ ዕቃዎች ማዕከልና በዙሪያው ባሉት ሕንፃዎች ይገኛል። ልብስ በዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባይማ በሚባለው ሕንፃ አለ፤ ፈጣን ፋሽን ደግሞ በሺሳንሃንግ። ሺሳንሃንግ ማልዶ ተከፍቶ ከሰዓት በኋላ ቶሎ ስለሚዘጋ ቁርስ ሳታበዙ ድረሱበት። ጨርቅ የሚፈልግ ሃይዡ ወረዳ ወዳለው ዦንግዳ ገበያ ይሂድ። መጫወቻ፣ የጽሕፈት መሣሪያና ማስጌጫ በይደ መንገድ ነው።

ሶፋና አልጋ የሚፈልግ ከከተማው ወጥቶ ፎሻን ውስጥ ወዳለው ሌሶንግ መሄድ አለበት፤ የወለልና የግድግዳ ሴራሚክም እዚያው ፎሻን ነው። የመብራት ዕቃ ዋና መገኛው ዦንግሻን ውስጥ ያለችው ጉዠን ናት። ሺያዎቤይ ደግሞ የአፍሪካና የአረብ ነጋዴዎች የሚበዙበት ሰፈር ነው፤ የካርጎ ቢሮ፣ አስተርጓሚና የለመዱት ዓይነት ምግብ በቀላሉ ይገኝበታል። ዕቃው ሲመረጥ ግን እያንዳንዱን ወደየገበያው ሄዳችሁ እዩት።

አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ሕንፃ መደርደሩ ለገዢ ትልቅ ጥቅም አለው። የመጀመሪያውን ቀን ምንም ሳትገዙ ዙሩ። ያያችሁትን ዕቃ ፎቶ፣ የሱቁን ቁጥርና የተጠራላችሁን ዋጋ መዝግቡ፤ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ግን ፈቃድ ጠይቁ። ብዙ ሻጮች ዲዛይናቸው እንዳይገለበጥ ስለሚሰጉ ዝም ብሎ የሚያነሳን ሰው ይቆጣሉ።

ክርክሩ

ሱቅ ስትገቡ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ስንት ነው?» አይሁን። «ትንሹ ትእዛዝ ስንት ፍሬ ነው? ለአንድ ቀለምስ? ዕቃው መጋዘን ውስጥ አለ ወይስ የሚሠራ ነው?» ብላችሁ ጀምሩ። እንዲህ የሚጠይቅን ሰው ሻጩ እንደ ነጋዴ ያየዋል። ቀጥሎ ዕቃውን ግለጹ፦ መጠን፣ ቀለም፣ የጨርቁ ወይም የቆዳው ዓይነት፣ የዚፑ ጥራት፣ በአንድ ካርቶን የሚገባው ብዛት። ያንኑ ዝርዝር ሳትቀይሩ ቢያንስ ለሦስት ሱቅ አቅርቡ። ዝርዝሩ አንድ ካልሆነ ዋጋ ማወዳደር አይቻልም።

ዋጋ ስትጠይቁ ለ100፣ ለ500 እና ለ1000 ፍሬ ለየብቻ አስጠሩ። ለምሳሌ ቦርሳው ለ100 ፍሬ 45 ዩዋን፣ ለ500 ፍሬ 40 ዩዋን ከተባለ ሻጩ ለብዛት ምን ያህል እንደሚቀንስ አወቃችሁ። 300 ፍሬ የምትገዙ ከሆነ 42 ዩዋን መጠየቅ ምክንያት ያለው ጥያቄ ነው። 25 ዩዋን ማለት ግን ወይ ያስቀይመዋል፣ ወይ ሌላ ዕቃ እንዲሠራላችሁ ይጋብዘዋል።

ሻጩ በቀላሉ እሺ ካለ ወዲያው «በዚህ ዋጋ ምን ትቀይራለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ዋናው ይህ ነው። ብዙ ሻጮች ያለ ሐፍረት ይነግሯችኋል፦ ገበሩን፣ ዚፑን፣ ማሸጊያውን። ያን ጊዜ ምርጫው የእናንተ ይሆናል። ደንበኛችሁ የማያስተውለውን ማሸጊያ ማቅለል ትችላላችሁ፤ በሁለት ወር የሚበጠስ ዚፕ ግን ስማችሁን ያጠፋል።

ዋጋው አልወርድ ሲል ወደ ሌላው ጥቅም ዙሩ። ዕቃውን እስከ ካርጎው መጋዘን በራሱ ወጪ እንዲያደርስ፣ የተበላሸውን እንዲተካ፣ ለመቀየሪያ የሚሆን ትርፍ ዚፕ ወይም ቁልፍ እንዲጨምር ጠይቁ። የተጠራው ዋጋ የግብር ደረሰኝን ይጨምር እንደሆነም አረጋግጡ፤ በጅምላ ገበያ ብዙ ጊዜ አይጨምርም።

ቁጥሩን ሁልጊዜ በካልኩሌተር ላይ አስጽፉ። ቻይናዎች ከአንድ እስከ አሥር በአንድ እጅ ይቆጥራሉ፤ አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ሲዘረጉ 6፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሲዘረጉ 8 ማለት ነው። ምልክቱን በግምት መተርጎም ያሳስታል። ድምፅ ከፍ አታድርጉ፤ ዕቃውንም በሰው ፊት አታንቋሹ። በሌላ ገዢ ፊት የተዋረደ ሻጭ ዋጋ ለመቀነስ ቢፈልግ እንኳ ክብሩ ይይዘዋል። ካልተስማማችሁ አመስግናችሁ ዊቻቱን ውሰዱና ውጡ። የማትገዙበትን ዋጋ ግን አትጥሩ፤ ዋጋ ጠርቶ እሺ ሲባል የሚሸሽ ሰው በሚቀጥለው ቀን አይታመንም።

አስተርጓሚ ስትይዙ ክፍያውን በቀን ቁረጡና ከሻጩ ኮሚሽን እንደማይወስድ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ከሻጩ የሚቀበል አስተርጓሚ የሚሠራው ለሻጩ ነው።

ቀብድና ወረቀት

በትእዛዝ ለሚሠራ ዕቃ የተለመደው አካሄድ 30 በመቶ ቀብድ ከፍሎ ቀሪውን 70 በመቶ ዕቃው ተሠርቶና ተፈትሾ ከመጫኑ በፊት መክፈል ነው። ሙሉውን አስቀድሞ የሚጠይቅ ሻጭ ካጋጠማችሁ እለፉት። ከቀብዱ በፊት ናሙናውን ሁለት አድርጋችሁ፣ ሁለታችሁም ፈርማችሁበት አንዱን ከእሱ ጋር ተዉ፣ ሌላውን ያዙ። የትእዛዝ ወረቀቱ ፎቶውን፣ ኮዱን፣ መጠኑን፣ የአንዱን ፍሬ ክብደት፣ የካርቶኑን ልክ፣ የማስረከቢያውን ቀንና ዕቃው ከናሙናው ቢለይ ምን እንደሚሆን ይጻፍበት። ቀዩ የድርጅት ማኅተም ይረፍበት።

ገንዘቡ ጠቀም ያለ ከሆነ የንግድ ፈቃዱን ጠይቁ። ፈቃዱ ላይ 18 ፊደልና አኃዝ ያለው የምዝገባ ቁጥር አለ፤ አስተርጓሚያችሁ በመንግሥት የድርጅቶች መዝገብ ላይ ፈልጎ ድርጅቱ በሥራ ላይ መሆኑን ሊያረጋግጥላችሁ ይችላል። ክፍያው በፈቃዱ ላይ ባለው ስም በተከፈተ ሒሳብ ይግባ። መሀል ላይ «ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል መልእክት ከመጣ ሻጩን በአካል ወይም በቪዲዮ ሳታነጋግሩ ምንም አትላኩ።

ርክክብና ጭነት

ካርጎው መጋዘን ላይ ዕቃችሁን ራሳችሁ ተረከቡ። ሻጩ የሚከፍትላችሁን ካርቶን ትታችሁ ከመሃልና ከሥር የመረጣችሁትን አስከፍቱ። ቁጠሩ፤ ከዚያ በትንሽ ሚዛን ከናሙናው ጋር መዝኑ። ቀለምና ስፌት ዓይን ሊያታልሉ ይችላሉ፤ የሳሳ ቆዳ ወይም የተለወጠ ገበር ግን በሚዛን ይጋለጣል።

የካርቶኑን ልክ ማወቅ ከዋጋ ክርክር የማይተናነስ ገንዘብ ያድናል። 60 በ50 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን 0.12 ሜትር ኪዩብ ነው። በአየር ሲላክ የሦስቱ ልኮች ብዜት ለ6000 ስለሚካፈል፣ ካርቶኑ 8 ኪሎ ብቻ ቢመዝንም የ20 ኪሎ ዋጋ ትከፍላላችሁ። በባሕር ሲሆን ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር በተግባር 28 ሜትር ኪዩብ ገደማ ይይዛል። ቦርሳው ውስጥ የሚታጨቀውን ወረቀት ማስቀነስ ወይም አንዱን በሌላው ውስጥ ማስገባት ለአንድ ፍሬ ከምታስቀንሱት 2 ዩዋን የበለጠ ሊያተርፍ ይችላል። ኢንቮይሱና ፓኪንግ ሊስቱ ኮንቴይነሩ ውስጥ ካለው ጋር አንድ መሆን አለባቸው፤ ልዩነቱ ጉምሩክ ላይ ጊዜና ቅጣት ያስከፍላል።

የታዋቂ ብራንድ ስም የተለጠፈበት የውሸት ዕቃ ቢያቀርቡላችሁ አትንኩት። የቻይና ጉምሩክ ወደ ውጭ የሚላከውንም ይይዛል፤ በአንድ ካርቶን የተነሳ ጭነቱ ሁሉ ሊታገድ ይችላል።

የመጀመሪያውን ግዢ ትንሽ አድርጉት፤ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ሻጩም የሚፈተነው በእሱ ነው። በቀኑ ያስረከበ፣ የተበላሸውን የተካና ናሙናውን ያከበረ ሻጭ ካገኛችሁ ለ1 ዩዋን ብላችሁ ወደ ሌላ አትዝለሉ። ሁለተኛውን ትእዛዝ ለእሱው ስጡና ያን ጊዜ ቅናሽ ጠይቁት። ተመላልሶ የሚገዛ ደንበኛ ለሻጩ ጥቅም ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን በክርክር ያልወረደው ዋጋ ሊወርድ ይችላል፤ ዝርዝሩ ወረቀት ላይ ስላለም ዕቃው አብሮ አይወርድም።