የዕለት እንጀራችንን አስተውሎ ስለ መቀበል
ምንባብ፤ መዝሙር 145፥15-16፤ ማቴዎስ 6፥11

በማዕድ ፊት የምናቀርበው ጸሎት ከልማድ ብዛት የተነሣ አፋችን የሚያውቀው፥ ልባችን ግን የማይሰማው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለቤተ ሰብ የሚጠቅም አንድ ልምምድ እናቀርባለን፤ ይኸውም የምንበላውን ምግብ በእርሳስ መሣል ነው።

1. ሥዕል ያስተውላል። እንጀራን የሚሥል ሰው ክብ አስምሮ አያበቃም፤ ዓይኖቹንም ማየት ይገባዋል። እነዚያ ዓይኖች የቦካው ሊጥ በጋለ ምጣድ ላይ ሲፈስ የተከፈቱ ናቸው። እንግዲህ ሊጡን ማን አቦካ? ውኃውን ማን ቀዳ? ጭሱን ማን ታገሠ? ጤፉን ማን አረመ? ምስጋናውም በጅምላ መሆኑ ይቀርና የእናትን እጅ፥ የገበሬውን ድካም፥ የሰማዩንም ዝናም ለይቶ ይጠራል።

በሆላንድ አገር በሃርለም ከተማ በ17ኛው መቶ ዓመት የኖረው ሠዓሊ ፒተር ክላስ ዳቦና ዓሣ የቀረበበትን ተራ ማዕድ በትጋት ይሥል ነበር። ከእኛ ግን እንዲህ ያለ ጥበብ አይፈለግም፤ ጥቂት መሥመር ይበቃል።

2. ስጦታው ሰጪውን ያሳያል። ሉተር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1529 ባወጣው በትንሹ ካቴኪዝም፥ እግዚአብሔር የዕለት እንጀራን ሳንለምነው ለክፉዎችም ሁሉ እንደሚሰጥ፥ እኛ የምንለምነው ግን ስጦታውን አውቀን በምስጋና እንድንቀበል መሆኑን ያስተምራል። ከምግብም ጋር ልብስን፥ ቤትንና መልካም ጎረቤትን ይቈጥራል። በአማርኛችንም ሰው «እንጀራ ፍለጋ ሄደ» ሲባል ኑሮው ሁሉ በዚህ ቃል ይጠቀለላል። እንግዲህ ጠግቦ ሰጪውን አለማወቅ ታላቅ ድህነት ነው።

3. ገበታው ባልንጀራን ያስታውሳል። መሶቡን የሣለ ሰው በዙሪያው ያለውን ባዶ ስፍራ ያያል። ጦሙን የሚያድረው ጎረቤታችን ማን ነው? ሥዕሉ ወደ እርሱ ደጅ ካላስኬደን ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ይህ ልምምድ ጸሎትን አይተካም፤ ጽድቅንም አያስገኝም፤ ጽድቅ በክርስቶስ በማመን ብቻ ነውና። ደግሞም ወጡ እንዳይቀዘቅዝ፥ ልጆችም በራብ እንዳይጠብቁ፥ ከማዕድ በኋላ ያዩትን አስታውሶ መሣል ይቻላል።

የመወያያ ጥያቄዎች፤
ሀ. ትናንት ማታ የበላነው ምግብ በስንት ሰዎች እጅ አልፎ ደረሰን?
ለ. በዚህ ሳምንት ወደ ማዕዳችን ልንጠራው የሚገባን ማን ነው?

የሕይወት እንጀራ የሆነው ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ዓይናችንን ያብራ። አሜን።