አስቸጋሪ ቅይጥ ብረቶችን ስለ መቁረጥና ስለቱን ስለ ማቀዝቀዝ

አንድ ብረት በቶርኖ ለመቁረጥ አስቸጋሪ ነው ሲባል ብዙዎቻችን ምክንያቱ ጥንካሬው ብቻ ይመስለናል። ዳሩ ግን ነገሩን ለሚመረምር ሰው ሌላ ምክንያት ይገኛል፤ ይኸውም ሙቀት ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

ስለት ብረትን በሚልጥበት ጊዜ የጉልበቱ አብዛኛው ክፍል ወደ ሙቀት ይለወጣል። የሚቆረጠው ተራ ብረት የሆነ እንደሆነ፣ ብዙውን ሙቀት ፍቅፋቂው ይዞት ይሄዳል። ለአውሮፕላን ሥራ የሚዘወተረው የቲታኒየም ቅይጥ ግን ሙቀትን የሚያስተላልፈው የተራ ብረትን አንድ ሰባተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሙቀቱ መሄጃ አጥቶ በስለቱ ጫፍ ላይ ይከማቻል፤ ስለቱም ቶሎ ይዶለዱማል። ኒኬል የበዛባቸው ቅይጦችም እንደዚሁ ያስቸግራሉ።

ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2012 ጀምሮ የሚያበርረው ቦይንግ 787 ከክብደቱ 15 በመቶ ያህሉ ቲታኒየም ነው። በዶለዶመ ስለት የተቆረጠ ገጽ ስንጥቅ ሊጀምርበት ይችላል፤ በበረራ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ለብዙ ሰው ሕይወት አደጋ ነው።

መድኃኒቱስ ምንድን ነው? አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር ብዙ ውሃ በመቁረጫው ቦታ ላይ በማፍሰስ የመቁረጡ ፍጥነት ከ30 እስከ 40 በመቶ ሊጨምር እንደሚችል አሳይቶ ነበር። ዛሬ የበለጡ ዘዴዎች አሉ። አንደኛው፣ ዘይት የተቀላቀለበትን ውሃ በከባድ ግፊት፣ በቀጭን ቀዳዳ፣ በስለቱና በፍቅፋቂው መካከል ማስገባት ነው። ሁለተኛው፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ናይትሮጅን መርጨት ነው። እርሱም ሥራውን ፈጽሞ ተንኖ ወደ አየር ይመለሳል፤ የሠራተኛውን ቆዳ የሚጎዳ ዘይትም አይተውም።

ነገር ግን ቅዝቃዜ ሁሉ አይጠቅምም። ቲታኒየሙ ራሱ ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ይጠነክራልና ናይትሮጅኑ ማነጣጠር ያለበት ወደ ስለቱ ነው። ደግሞም በተዘጋ ክፍል ውስጥ የአየሩን ኦክሲጅን ገፍቶ ሰውን ሊያፍን ስለሚችል፣ ነፋስ በደንብ የሚገባበት ቤት ያስፈልጋል።

እኔ በትምህርት ቤታችን ወርክሾፕ የምሠራበት ቶርኖ ያለው እንደ ወተት የነጣ የማቀዝቀዣ ውሃ ብቻ ነው። ቢሆንም ሕጉ አንድ ነው፤ ማቀዝቀዣ መድረስ ያለበት ሙቀቱ ከሚወለድበት ቦታ ነው። እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ የቧንቧውን አፍ ወደ ስለቱ ጫፍ እናቅና፤ የብረቱ ፍቅፋቂ ወደ ሰማያዊ ሲለወጥም ሙቀቱ መብዛቱን እንወቅ።