ሳይሰናበት የሚሰወር ጀግና

ከመካከላችን ኮሚክስ የሚባለውን የሥዕል ታሪክ የሚወዱ፣ ከዚያም አልፈው የራሳቸውን ጀግና በደብተራቸው ጀርባ የሚሥሉ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ በነዚህ ታሪኮች ውስጥ ደጋግሞ ስለሚታይ አንድ ጠባይ ያሰብኩትን ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

ባትማን፣ ይኸውም የሌሊት ወፍ የሚመስል ልብስ የሚለብሰው ጀግና፣ ለአንባቢ የቀረበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1939 ዓ.ም. ነው። የፈጠሩትም ቦብ ኬንና ቢል ፊንገር የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው። ይህ ጀግና ከፖሊስ ኮሚሽነሩ ከጎርደን ጋር ሲነጋገር ይቆይና፣ ኮሚሽነሩ ፊቱን ዘወር ሲያደርግ ይሰወራል። ኮሚሽነሩ መለስ ብሎ ቢያይ የሚያገኘው ባዶ መስኮት ነው።

ይህ እንዴት ይሣላል? በመጀመሪያው ሥዕል ሁለቱ ይነጋገራሉ፤ በሁለተኛው ኮሚሽነሩ ብቻውን ይታያል፤ በሦስተኛው መስኮቱ ክፍት ነው። መጥፋቱ ራሱ ግን አልተሣለም። በሥዕሎቹ መካከል ባለው ነጭ ክፍተት የሆነውን የሚሞላው የአንባቢው አሳብ ነው። በክረምት የጦሳ ጉም ወርዶ ከፊታችን የሚሄደውን ሰው ሲሸፍነው የምናይ የደሴ ልጆች ይህን ለመረዳት አይቸግረንም።

መሰወር ለአገራችን ተረትም እንግዳ አይደለም። ዕፀ መሰውር የያዘ ሰው ከዓይን ይሰወራል ሲባል ሰምተናል። ልዩነቱን ግን እናስተውል። ዕፀ መሰውር የሚፈለገው ካሳዳጅ ለማምለጥ ወይም ሳይታዩ ለመግባት ሲሆን፣ ባትማን የሚሰወረው ከወዳጁ ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ባትማን ከሰው የተለየ ተፈጥሮ ስለሌለው፣ መሰወሩ ከሰው በላይ ያስመስለዋል። ሁለተኛ፣ ሳይሰናበት የሄደ ሰው «ወዴት ትሄዳለህ? መቼ ትመለሳለህ?» ተብሎ አይጠየቅም። ጥያቄውን ይዞ የሚቀረው ሌላው ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 በወጣው ፊልም ድመቷ ሴት በዚሁ ዘዴ ስትሰወርበት ባትማን ራሱ ይህን ቀምሶታል።

በእኛ በወሎ እንግዳ ቡናው በረካ ሳይደርስ ቢነሣ አይወደድለትም፤ መንገደኛም በምርቃት ይሸኛል። ሆኖም ሳይሰናበቱ መሄድ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። ከደሴና ከኮምቦልቻ ዙሪያ ብዙ ወጣቶች በአፋር፣ በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመሻገር ይነሣሉ። ከነርሱም ውስጥ እንዳይከለከሉ ሠግተው ለእናት ላባታቸው ሳይናገሩ የሚወጡ አሉ። ኮሚክሱ ባዶውን መስኮት ካሳየ በኋላ ወደ ሌላ ታሪክ ያልፋል። በቤት ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሥዕል ስልክ የምትጠብቅ እናት ናት።

እንግዲህ ጀግና የምትሥሉ ጓደኞቼ ሆይ፣ ጀግናችሁ አይሰወር አልልም፤ ዘዴው ጥሩ ነውና። ነገር ግን የቀረውን ሰው ፊት ሳትሥሉ ገጹን አትዝጉ።

መልመጃ፦ ጀግናችሁ በኮምቦልቻ መናኸሪያ ከእናቱ ጋር ሲነጋገር በአራት ሥዕሎች ሥሩ። በመጀመሪያ ሳይሰናበት ይሰወር። ከዚያም ሌላ አራት ሥዕል ሠርታችሁ፣ እናቱ መርቃ ትሸኘው። ሁለቱን አራተኛ ሥዕሎች ጎን ለጎን አስቀምጡና፣ ጀግና የሚመስለው በየትኛው እንደሆነ በክፍላችሁ ተወያዩበት።