የድንጋይ ገበታና የብረት እግር

አንባቢ ሆይ፤ በዚህ መጽሔት ስለ አገር ዕድገት፤ ስለ ፍልስፍናና ስለ ግጥም ብዙ ተጽፏል፤ ወደ ፊትም ይጻፋል። የኔ ርእስ ግን ዝቅ ያለ ነው፤ ከጠረጴዛ በታች የሚገኝ ነገር ነውና። ይኸውም የድንጋይ ገበታን ከብረት እግር ጋር በማጣበቂያ እንዴት ማገናኘት ይቻላል የሚለው ነው። «የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪን ይህ ምን አገባው?» የሚል ቢኖር መልሴ አጭር ነው። ክረምት ሲደርስ ወደየአገራችን ስንገባ ሰው የሚጠይቀን ስለ ሼክስፒር አይደለም።

ሺሺንዳ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የከፋ ከተማ ናት። እንጨት በሞላበት አገር የድንጋይ ጠረጴዛ ለምን አስፈለገ ትሉ ይሆናል። እንጨቱ በዝናቡና በእርጥበቱ ያብጣል፤ ይጣመማል፤ ነቀዝም ይገባዋል። ደግሞም የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የገባ ጥብቅ ሥፍራ ስለሆነ ያማረ ዛፍ በታየ ቁጥር መጥረቢያ ማንሣት አይገባም። ስለዚህ አንዳንድ ባለ ቡና ቤቶች ከከተማ የተቆረጠ እብነ በረድ ያስመጡና ከሠፈሩ በያጅ የብረት እግር ያሠሩለታል። እብነ በረድ እንደ እንጨት በውሃ አያብጥም፤ የጀበና ትኩሳትም አይበግረውም። ጣጣው ያለው ከሥር ነው።

ባለፈው ክረምት በዚያች ከተማ ያየሁት አንድ ጠረጴዛ ከተገዛ ሦስት ወር አልሞላውም ነበር። አንድ ልጅ ወለሉን ሊጠርግ ብሎ በአንድ በኩል ጎተተው፤ አንዱ እግር ተላቀቀ፤ ገበታው ዘመመና ወርዶ ለሁለት ተሰበረ። የልጁን እግር የሳተው በአንድ ስንዝር ነው። ባለቤቲቱ የዕቁብ ገንዘባቸውን ያወጡበት ዕቃ ነበር። በያጁን ብንጠይቀው «ጋሼ፤ የኔ ብየዳ እንደ ሆነ አልተነቃነቀም፤ እዩት!» አለ፤ እውነቱንም ነው። ከእግሩ አናት ላይ የተበየደው ላሜራ ደኅና ነበር፤ ሙጫውም እንዳለ ከላሜራው ቀለም ጋር ተያይዞ ቀርቷል። ሙጫው የያዘው ቀለሙን እንጂ ብረቱን አልነበረም። ቀለሙ ሲላቀቅ ሁሉም ተከተለው።

እስቲ ክብደቱን እንቁጠር። ርዝመቱ 120፤ ወርዱ 60፤ ውፍረቱ 3 ሳንቲሜትር የሆነ ገበታ 21,600 ኩብ ሳንቲሜትር ነው። እብነ በረድ በኩብ ሳንቲሜትር 2.7 ግራም ያህል ይመዝናልና ጠቅላላው 58 ኪሎ ይሆናል፤ አንድ ጎልማሳ ሰው ማለት ነው። ይህ ጎልማሳ ቁጭ እስካለ ድረስ ሙጫውን ወደ ታች ይጫነዋል እንጂ አይጎዳውም። ክፋቱ የሚመጣው ጠረጴዛው ሲጎተት ነው። ፖስታ ላይ የተለጠፈን ቴምብር አስቡ። በሙሉ ፊቱ ቀጥ አድርጎ መንቀል ያስቸግራል፤ ከማዕዘኑ በጥፍር ከጀመሩት ግን ያለ ድካም ይላጣል። የጠረጴዛ እግርም እንዲሁ ነው። ሙጫ ግፊትን ይችላል፤ መላጥን ግን አይችልም።

በቁጥርም ይታያል። የ70 ሳንቲሜትር እግር ከታች ጫፉ በ10 ኪሎ ኃይል ቢገፋ ላይኛው መጋጠሚያ 700 ኪሎ ሳንቲሜትር የሚያህል ማጣመሚያ ይደርሰዋል። ላሜራው 10 በ10 ሳንቲሜትር ከሆነ በጠርዙ በኩል ሙጫው በያንዳንዱ ስኩዌር ሳንቲሜትር 4.2 ኪሎ ያህል ይጎተታል። ያንኑ ላሜራ 15 በ15 ብናደርገው ወደ 1.2 ይወርዳል። ወርዱን በግማሽ ብቻ ጨምረን ጭንቁን ከሢሶ በታች አወረድነው ማለት ነው። በያጁ ለቁራጭ ላሜራ የሚጠይቀው ብር ከገበታው ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

ወደ ሙጫው እንምጣ። የአገራችን ሰው ድንጋይን ከሌላ ነገር ጋር ማጣበቅ የጀመረው የፋብሪካ ሙጫ ሳይመጣ ነው። በጋሞ ደጋ ቆዳ ፋቂዎች የባልጩት ስለት ከእንጨት እጀታ ጋር በዛፍ ሙጫ ያጣብቃሉ፤ ስለቱ ሲያልቅ ሙጫውን በእሳት አለስልሰው ሌላ ይተክላሉ። በደቡብ አፍሪካ በሲቡዱ ዋሻም ከ70,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች የዛፍ ሙጫን ከቀይ አፈር ዱቄት ጋር ቀላቅለው ስለት ያጣብቁ እንደ ነበር ተመርምሯል። ዱቄቱ ለጌጥ አልነበረም፤ ሙጫው እንዳይሰነጠቅና እንዳይፈስ ያደርገዋል። ዛሬም እብነ በረድ ሠራተኛ ማጣበቂያውን ከድንጋይ ዱቄት ጋር ሲለውስ ያንኑ ነው የሚሠራው። ይህን ዕውቀት ይዘው የኖሩትን ሰዎች ግን «ፋቂ»፤ «ቀጥቃጭ» እያልን በስድብ ከማዕድ አርቀናቸዋል፤ ከፋም ከዚህ ነፃ አልነበረችም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ መቶ ዓመት አለፈው፤ ስድቡ ግን እዚህም እዚያም ይሰማል። እኛም በዲግሪያችን የምንኮራ ሰዎች እግሩን ያልተከለውን ጠረጴዛ ተደግፈን ነው የምንከራከረው።

የግራር ሙጫ ውሃ ሲያገኘው ይሟሟልና ለከፋ ዝናብ አይሆንም። ሰም ከ60 ዲግሪ ጥቂት ሲያልፍ ይቀልጣል፤ የፈላ ጀበና ለሚቀመጥበት ገበታ አይታመንም፤ ለቅኔ ይሁን። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጩ የእንጨት ኮላ ነው። ይህ ኮላ የሚደርቀው ውስጡ ያለውን ውሃ እንጨቱ ሲጠጣለት ነው። በብረትና በድንጋይ መካከል ሲገባ ውሃው መውጫ ያጣና ለሳምንታት እርጥብ እንደ ሆነ ይቀራል። ባንድ ጠብታ የሚይዘው ፈጣን ሙጫም ክፍተት አይሞላም፤ ሲመታም ይሰበራል። የሚሻለው በሁለት ዕቃ ተለይቶ የሚሸጠው ኢፖክሲ ነው። ሁለቱ የሚቀላቀሉት በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ብቻ ነው። ማጠንከሪያውን ማብዛት ቶሎ አያደርቀውም፤ ያበላሸዋል እንጂ።

ሲሊኮን የሚገዛ ሰው ደግሞ ያሽትተው። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት አሲድ የሚያወጣ ነው። እብነ በረድ ሎሚ ሲነካው ፊቱ እንደሚበላ ሁሉ ይህም ይበላዋል፤ ብረቱንም ያዝገዋል። ያ ሽታ የሌለውን መምረጥ ነው።

ብረት ሲዝግ ከቀድሞው መጠኑ በልጦ ያብጣል፤ ሲያብጥም ድንጋዩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። በአቴንስ ፓርቴኖን በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተደረገው ጥገና እብነ በረዱን ያፈረሰው በዚህ ምክንያት ነበር፤ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ብረቱን እያወጡ በቲታኒየም ተኩት። ከኛው አገር ደግሞ በ1929 ዓ.ም. ወደ ኢጣልያ የተጋዘው የአክሱም ሐውልት አለ። በ1994 ዓ.ም. ሮማ ሳለ መብረቅ መታው፤ በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. ሲተከል ክፍሎቹ የተያያዙት በኬቭላር ዘንጎች ነው። ከታችኛውና ከመካከለኛው ክፍል መጋጠሚያ አራት፤ ከመካከለኛውና ከላይኛው መጋጠሚያም አራት ገባ። ብረት ያልተመረጠበት ምክንያት ዝገትንና መብረቅን ለመሸሽ ነው። 160 ቶን ለሚሆን ሐውልት የተጨነቁበትን ለ58 ኪሎ ገበታ በጥቂቱ ብንጨነቅ ነውር የለውም።

አሁን ሥራው። ላሜራው ቀለሙና ዝገቱ በሙሉ ተፍቆ ነጭ ብረት እስኪታይ ድረስ በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ ከዚያ በአሴቶን በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል። ንጹሕ መሆኑን ለማወቅ ውሃ ጠብ ይደረግበታል። ውሃው ተዘርግቶ ከተኛ ጸድቷል፤ ተንከባልሎ እንደ ዶቃ ከቆመ ቅባት አለው። በሺሺንዳ እርጥበት የታሸ ብረት ውሎ ሳያድር ይዝጋልና አድርቆ በዚያው ቀን ማጣበቅ ነው። ድንጋዩ ደግሞ ውሃ የሚጠጣ ነገር ነው። ጥቂት ቀን ከምድጃ አጠገብ ካደረቁት በኋላ ሆዱ ላይ ላስቲክ ዘርግቶ ዙሪያውን ማሸግና ማሳደር ይገባል፤ ጧት ከላስቲኩ ሥር ጤዛ ከታየ ገና አልደረቀም። ሲታሽ የሚነሣውን ትቢያ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ መሥራት፤ ኢፖክሲውንም በእጅ አለመንካት ያሻል። ሙጫው አንድ ሚሊሜትር ያህል ይቀባል። በሞርሳ አጥብቆ ማሠር ሙጫውን ጨምቆ ያስወጣዋልና ቀለል ያለ ጫና ይበቃዋል።

እኔን ቢጠይቁኝ ግን አራቱን እግሮች ለየብቻ ማጣበቅን አልመርጥም። በያጁ አራቱንም በአንድ የብረት ክፈፍ ያያይዛቸው፤ ገበታው በላዩ ይተኛ። ያን ጊዜ ጉተታውን የሚችለው ብየዳው ይሆናል፤ ሙጫው ገበታው እንዳይንሸራተት ብቻ ይይዛል። ለዚህ ኢፖክሲ ሳይሆን ለስላሳው ሲሊኮን ይሻላል። ምክንያቱም ብረትና ድንጋይ በሙቀት እኩል አያድጉም። አንድ ሜትር ብረት ሙቀት በ20 ዲግሪ ሲጨምር 0.24 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ድንጋይ ከዚያ ያንሳል። ደረቅ ሙጫ በረጅም ክፈፍ ላይ ሲሆን በዚህ ልዩነት ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል፤ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ሙጫ ግን አብሮ ይሄዳል።

ኢፖክሲ በ24 ሰዓት ቢደርቅም ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው፤ ብርድ ካለ ይዘገያል። እስከዚያ ድረስ ጠረጴዛው ተገልብጦ ይቆይ። ሲቀና አራት ሰው ያስፈልጋል፤ የሚያዘውም በድንጋዩ ጠርዝ ነው፤ እግሩን የሚይዝ ሰው አይኑር።