ከኪኒኑ በፊት ጓዳው

ከሜሪላንድ የመጣችው ወጣት ሁለት ትልልቅ የካልሲየም ብልቃጦች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከነርስነት ሥራ ጡረታ የወጡት አክስቷ መነጽራቸውን አድርገው የጀርባውን ጽሑፍ አነበቡ። ካልሲየም ካርቦኔት፣ አንዱ ፍሬ 600 ሚሊ ግራም።

«ለእማዬ ነው። 66 ዓመት ሆኗታል። በቀን ሁለት ብትውጥ ይበቃታል አይደል፣ እቴቴ?»

«ስሌቱን ከምግቧ ጀምሪ፣ ልጄ። በአሜሪካ ከ50 ዓመት በላይ ለሆነች ሴት በቀን 1,200 ሚሊ ግራም ይመከራል። ይህ ግን የምትበላውም የምትውጠውም ተደምሮ ነው። ኪኒኑ የጎደለውን ለመሙላት ነው።»

«የአጥንት መሳሳት በሴቶች ላይ ለምን ይብሳል?»

«አጥንት ሕይወት አለው፤ አሮጌው እየተሸረሸረ በቦታው አዲስ ይሠራል። ሸርሻሪዎቹን ሕዋሳት የሚገታቸው ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ነው። ሴት ስታርጥ እሱ ይቀንስና መሸርሸሩ ያይላል። ካረጠች በኋላ ባሉት ከ5 እስከ 7 ዓመታት የአጥንቷን እስከ 20 በመቶ ልታጣ ትችላለች። ሕመም የለውም። ብዙዎቹ የሚያውቁት ሲሰበሩ ነው።»

ልጅቱን ይበልጥ ያሳሰባት ጾሙ ነው። እናቷ አንድም ጾም አታጓድልም። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ሲጨመርበት ወተትና እርጎ የማይቀመስበት ቀን ይበዛል።

«በጾም ቀን ታዲያ ከየት ታምጣው?»

አክስትየዋ ወደ ጓዳ ይዘዋት ገቡና ከዘንቢሉ ሁለት እስር ቅጠል አወጡ።

«ይኸው ጎመን፤ ይኸኛው ቆስጣ። ሁለቱም አረንጓዴ ቢሆኑም ለአጥንት እኩል አይደሉም። ቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን አስሮ ስለሚይዘው አንጀት ብዙም አያገኝም። የጎመኑ ግን በደንብ ይሰርጋል። እናንተ እዚያ በጎመን ፋንታ የምትሠሩት ኮላርድም እንዲሁ ነው፤ ተቀቅሎ አንድ ኩባያ 250 ሚሊ ግራም ገደማ አለው። አንድ ኩባያ ወተት 300 ያህል ነው፤ አይራራቁም።»

እንጀራውም አይናቅም። 100 ግራም ጤፍ 180 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም ሲይዝ ስንዴ አጠገቡ አይደርስም። ሊጡ ሲቦካ ደግሞ ካልሲየሙን የሚያስረው ፋይቴት ይቀንሳል።

«ኪኒኑን ልመልሰው ማለት ነው?»

«አላልኩም። የጎደላት ካለ ትውሰድ፤ ግን ሁለቱን ባንዴ አትዋጥ። ሰውነት በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊ ግራም በላይ ሲመጣበት በደንብ አይቀበልም። ካርቦኔት ስለሆነ ከምግብ ጋር ይሁን። የምትወስደውን የእንቅርት መድኃኒትና ይህን ቢያንስ 4 ሰዓት ታራርቃቸው። የኩላሊት ጠጠር ይዟት የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ሐኪም ሳታማክር አትጀምር።»

«ቢበዛባት ምን ይጎዳታል?»

አክስትየዋ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመውን ትልቅ የአሜሪካ ጥናት አነሡ። ከ36 ሺህ በላይ ያረጡ ሴቶችን 7 ዓመት ያህል የተከታተለ ነው። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ የተሰጣቸው ሴቶች የዳሌ አጥንታቸው ጥቂት ቢጠነክርም የዳሌ ስብራታቸው ያን ያህል አልቀነሰም። በኩላሊት ጠጠር የመያዝ ዕድላቸው ግን በ17 በመቶ ጨመረ።

«ስለዚህ ብልቃጡ ብቻውን አያድናትም። ካልሲየሙ ከአንጀት እንዲሰርግ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋታል፤ እሱንም ከፀሐይ ታገኛለች፤ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ከዋለች ግን አታገኝም። በየቀኑ በእግሯ ትሂድ፤ አጥንት ክብደት ሲያርፍበት ይጠነክራል። ከሁሉ በፊት ግን እንዳትወድቅ ጠብቂያት። መታጠቢያ ቤቱ መያዣ ይግባለት፣ የሚያዳልጠው ምንጣፍ ይነሣ፣ ሌሊት ስትነሣ መብራት ታግኝ።»

«አጥንቷ መሳሳቱንስ በምን እናውቃለን?»

«ዴክሳ በሚባል ራጅ ይለካል። በአሜሪካ ሴት 65 ዓመት ሲሞላት እንድትለካ ይመከራል። ቁመቷ ካጠረ ወይም ጀርባዋ ከጎበጠ አከርካሪዋ ሳታውቀው ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ትታይ።»

የዚህ ጽሑፍ አንባቢም አንድ ነገር ይያዝልን። ከ50 ዓመት በላይ የሆነች እናት ቆማ ሳለ ወድቃ የእጇ አንጓ ወይም ዳሌዋ ከተሰበረ፣ ጄሶው ሲወልቅ ጉዳዩ አለቀ ብላችሁ ወደ ቤት አትውሰዷት። ሁለተኛው ስብራት ሳይመጣ አጥንቷ እንዲመረመር ሐኪሙን ጠይቁ፤ መሳሳቱ ከተረጋገጠ መድኃኒት አለው።