ጎሏ በየትኛው ዓምድ ትጻፍ?

አሜሪካዊቷ አጥቂ አሌክስ ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ2022 ለሳንዲያጎ ዌቭ ክለብ ስንት ጎል አገባች? አንዱ 15 ይላል። ልክ ነው፤ በአሜሪካ የሴቶች ሊግ መደበኛ ውድድር ያገባቻቸው 15 ናቸው፤ የዓመቱ ኮከብ ግብ አግቢ የሆነችውም በእነሱ ነው። ሌላው 16 ይላል። እሱም ልክ ነው፤ በጥሎ ማለፉ ሩብ ፍጻሜ ዌቭ ቺካጎን 2 ለ 1 ሲረታ በተጨማሪው 30 ደቂቃ ያገባቻትን የማሸነፊያ ጎል ቆጥሮ ነው። ሦስተኛ ሰው መጥቶ ከሊጉ በፊት የተካሄደውን የቻሌንጅ ካፕ ልደምር ቢል ቁጥሩ እንደገና ይለወጣል።

የአንድ ክለብ የምንጊዜም መዝገብ የሚበላሸው እዚህች ላይ ነው። መደመር ያቃተው ሰው አላጋጠመኝም፤ ምን ምኑን እንደደመረ ጽፎ ያስቀመጠ ግን ጥቂት ነው።

ይህን የምጽፈው በሴቶች ቡድን ውስጥ «መዝገቡን አንተ ያዝ»፣ «አንቺ ያዢው» ለተባላችሁ ነው። አብዛኞቻችሁ የተቀጠራችሁት ለሌላ ሥራ ነው፤ የቡድን መሪ ናችሁ፣ የሕዝብ ግንኙነት ናችሁ፣ ወይም ጽሕፈት ቤቱን የምትይዙ ናችሁ። መዝገቡ በዚያ ላይ ተደርቦ ይመጣል። ዌቭን ለምሳሌነት የመረጥኩት ወጣት ክለብ ስለሆነ ነው፤ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በማርች 2022 በመሆኑ ከመነሻው አንስቶ መከተል ይቻላል። በዚያ ላይ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ካሊፎርኒያ የተወለደችው ናኦሚ ግርማ በፕሮፌሽናል ተጫዋችነት የተነሳችው ከዚሁ ክለብ ነው።

ከሁሉ አስቀድማችሁ ጥሬውን መዝገብ ከድምሩ ለዩ። ጥሬው መዝገብ ማለት ለእያንዳንዷ ተጫዋች በእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ መስመር ማለት ነው፦ ቀኑ፣ ውድድሩ፣ ተጋጣሚው፣ በሜዳ ይሁን ከሜዳ ውጪ፣ በቋሚነት ገባች ወይስ ተቀይራ፣ በስንተኛው ደቂቃ ገብታ በስንተኛው ወጣች፣ ጎል፣ ከጎሉ ስንቱ በፍፁም ቅጣት ምት፣ ካርድ። ድምሩን በእጃችሁ አትጻፉት። ኤክሴል ካላችሁ እሱ ይደምርላችሁ፤ ደብተር ከሆነም ድምሩ በሌላ ደብተር ይሁን። «እስካሁን 47 ጎል» ተብሎ በእጅ የተጻፈ ቁጥር አንዴ ከተሳሳተ በየሳምንቱ ስህተቱ ላይ አንድ እየተጨመረ ይሄዳል፤ ከየት እንደተሳሳተ ተመልሶ የሚያገኘው ሰው የለም።

የውድድሩ ዓምድ ደግሞ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የውድድር ስም ብቻውን አያስተማምንም። የአሜሪካው ቻሌንጅ ካፕ በ2020 በወረርሽኙ ዘመን ተጀምሮ እስከ 2023 ድረስ በርካታ ጨዋታዎች ያሉት ውድድር ነበር። በ2024 ግን ያው ስም ለአንድ ጨዋታ ብቻ ተሰጠ፤ ዌቭ በዚያች ጨዋታ ጎተም የተባለውን ክለብ 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፣ ጎሏም የሞርጋን ነበረች። «በቻሌንጅ ካፕ ብዙ ጨዋታ የተጫወተች» የሚል ሰንጠረዥ ብታወጡ የ2022ና የ2023 ተጫዋቾች ላይኛውን ይይዙታል፤ ብልጫው ግን ከተጫዋቾቹ ሳይሆን ከውድድሩ አሠራር የመጣ ነው። መደበኛው ውድድርም ያው ነው። ዌቭ በ2023 በሰንጠረዡ አንደኛ ሆኖ የሊጉን ጋሻ ሲያነሳ አንድ ቡድን የሚጫወተው 22 ጊዜ ነበር፤ በ2024 ሁለት ክለቦች ሲጨመሩ 26 ሆነ። ስለዚህ «በአንድ የውድድር ዘመን ብዙ ጎል» ከሚለው ቁጥር አጠገብ ስንት ጨዋታ እንደነበረ ይጻፍ። ይህን ያልጻፈ መዝገብ የቀድሞዎቹን ይበድላል።

የኛ አገር ክለቦችም ይህ ጥያቄ አለባቸው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሴቶች በ2024 አዲስ አበባ ላይ የሴካፋን ማጣሪያ አሸንፈው ወደ ካፍ የሴቶች ቻምፒየንስ ሊግ ሲያልፉ፣ በማጣሪያው የገባችው ጎል የአህጉር ጎል ናት ወይስ የሴካፋ? የእኔ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ለየብቻ ጻፉት። የተለያየውን ነገ መደመር ይቻላል፤ የተደባለቀውን መለየት ግን አይቻልም።

አሁን ስለ ስም። ለእኔ ከሁሉም የሚያስቸግረው ይህ ነው። የአሜሪካና የአውሮፓ ተጫዋቾች ሲያገቡ ስማቸውን ሊለውጡ ይችላሉ፤ ማሎሪ ፒው ማሎሪ ስዋንሰን ሆናለች፣ ሊንድሲ ሆራንም ሊንድሲ ሂፕስ። መዝገቡን የሚይዘው ሰው ካልነቃ አንዷ ተጫዋች ሁለት ሆና ትቀመጣለች፤ ጎሏም ለሁለት ይከፈላል። የኛ ሴቶች በትዳር ስም አይለውጡም፤ የኛ ችግር ሌላ ነው። ናኦሚ ግርማ ስትባል ግርማ የአባቷ ስም ነው፤ በእንግሊዝኛው ሰንጠረዥ ግን የቤተሰብ ስም ተደርጎ በግርማ ትፈለጋለች። እኛ ናኦሚ ብለን እንፈልጋለን። በአንድ ቡድን ውስጥ ሁለት ትዕግሥቶች ካሉና ዜና ጸሐፊው በራሳቸው ስም ብቻ ከጠራቸው መዝገቡ ይምታታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዷ ተጫዋች ከገባችበት ቀን ጀምሮ የማይለወጥ ቁጥር ስጧት። ይህ የማሊያ ቁጥር አይደለም፤ ማሊያ ከሰው ወደ ሰው ይሸጋገራል። ስሟን ከነአያቷ፣ በአማርኛም በላቲንም፣ ፓስፖርቷ ላይ ባለው አጻጻፍ አድርጋችሁ ከቁጥሩ ጎን አስፍሩ።

ዘመኑም እንዲሁ ነው። በጥቅምት ወይም በኅዳር ተጀምሮ በሰኔ የሚያልቅ የኛ ሊግ በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ውስጥ ሲያድር በፈረንጆቹ ሁለት ዓመት ይረግጣል። የአሜሪካው ከማርች እስከ ኖቬምበር የሚሄደው ደግሞ በተቃራኒው፣ በእነሱ አንድ ዓመት ሆኖ በእኛ መስከረምን ይሻገራል። «በ2016 አገባች» የሚል መስመር ሳይ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ካልተጻፈበት አላምነውም። ሁለቱንም ጻፉ። ሰዓቱንም እንደዚያው፤ 9 ሰዓት ብላችሁ የጻፋችሁትን የውጭ ሰው ከጠዋቱ 3 ሰዓት አድርጎ ሊያነበው ይችላል።

ወደ ናኦሚ ልመለስ። በ2022ቱ የሊጉ የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ (ድራፍት) ዌቭ ከሁሉ አስቀድሞ የወሰዳት እሷን ነበር፤ በዚያው ዓመት የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋችና ምርጥ ተከላካይ ተብላ፣ በ2023 የተከላካይነቱን ሽልማት ደገመችው። ጃንዋሪ 2025 ላይ ቸልሲ በ1.1 ሚሊዮን ዶላር ሲወስዳት በሴቶች እግር ኳስ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ያለፈ ዋጋ የወጣባት የመጀመሪያዋ ተጫዋች ሆነች። እንግዲህ መዝገባችሁ ጎልና ለጎል የተመቻቸ ኳስን ብቻ የሚቆጥር ቢሆን ይህች ልጅ በክለቡ ታሪክ ውስጥ የት ትገኛለች? የትም። ተከላካይዋና ግብ ጠባቂዋ ከመዝገብ የሚጠፉት በደቂቃ መዝገብ እጦት ነው። ስለዚህ ደቂቃ ቁጠሩ። ቡድኑ ጎል ሳይቆጠርበት የወጣባቸውን ጨዋታዎችም ለግብ ጠባቂዋ ብቻ አታድርጉት፤ ሙሉውን ለተጫወቱት ተከላካዮች ሁሉ ጻፉ። ከ15ና 20 ዓመት በፊት ለኛ ክለቦች የተከላከሉ ልጆች ዛሬ ስማቸው የሚነሳው በጓደኞቻቸው አፍ ብቻ መሆኑ ያንገበግበኛል።

የተመልካች ቁጥር ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሆኖም አንድ ነገር አለ። ዌቭ ሴፕቴምበር 2022 አዲሱን ስናፕድራገን ስታዲየም ሲከፍት 32,000 ሰው ገባ ተባለ፤ በጊዜው የሊጉ ትልቁ ነበር። በ2023 ሲያትል ላይ 34,130፣ በ2024 ቺካጎ ላይ 35,038 ሆነና ተሰበረ፤ በ2025 ሳንፍራንሲስኮ ላይ 40,091 ደረሰ። «የምንጊዜም» የሚለውን ቃል ከቀን ጋር ካላሰራችሁት በዓመቱ ውሸት ይሆናል። «እስከዚህ ቀን ድረስ» በሉ። ቁጥሩ ከተሸጠ ትኬት የተገኘ ይሁን ከበሩ የተቆጠረ፣ እሱም ይጻፍ።

የመጨረሻው ነገር እርማት ነው፤ ይህን የተማርኩት ከራሴ ስህተት ነው። መዝገብ ስይዝበት በነበረ አንድ ክለብ፣ በአንድ ዝናባማ ጨዋታ አንዲት አጥቂያችን ቅንድቧ ተሰንጥቆ ማሊያዋ ደም ነካው። ደም የነካ ማሊያ መቀየር ግድ ስለሆነ የተጠባባቂዋን 17 ቁጥር ለብሳ ተመለሰች፤ ለአራተኛው ዳኛም ተነግሮ ነበር። እኔ ከወንበሩ ራቅ ብዬ ደብተሬን በፌስታል ሸፍኜ ቆሜ ስለነበር አልሰማሁም። በ81ኛው ደቂቃ 17 ቁጥር በጭንቅላት አገባች። ጻፍኩ፤ ለ17 ቁጥሯ ባለቤት።

ያቺ ተጠባባቂ በዕለቱ ሜዳ አልገባችም። የተቀያሪዎችን ዓምድ ከጎሉ ዓምድ ጋር ባስተያይ በዚያው ምሽት እይዘው ነበር፤ አላስተያየሁም። የውድድር ዘመኑ ካለቀ በኋላ አጥቂዋ ውሏን ልታድስ ስትመጣ ቢሮ ገብታ ቁጭ አለች። «ጋሼ፣ የኔ 9 ነው የሚሉኝ። እኔ 10 ነው የማውቀው» አለችኝ። በውሏ ላይ 10 ጎል ላገባ አጥቂ የተለየ ጉርሻ ነበረ። ቅንድቧ ላይ ጠባሳው አለ።

የዳኛውን ሪፖርት አስመጣሁ፤ ስሟ በግልጽ ተጽፎበታል። በቡድን ጓደኛዋ ስልክ የተቀረጸ ቪዲዮም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ምንጭ ሳላስተያይ መስመር ዘግቼ አላውቅም፤ ጨዋታው በተደረገበት ምሽት፣ ትዝታው ሳይበርድ፣ የዳኛውን ወረቀት ከደብተሬ ጋር አስተያያለሁ። የገቡት ተጫዋቾች ጎል ድምር ከውጤቱ ጋር እኩል መሆኑን አያለሁ፤ ተጋጣሚ በራሷ ላይ ያገባችውን ለብቻው። ጎል አለ ተብሎ ደቂቃ የሌላት ተጫዋች ካለች አልተኛም።

የተሳሳተውን አልፋቅሁትም። በአንድ መስመር ሰርዤ፣ ከላዩ ትክክለኛውን ስም ጻፍኩ፤ ከጎኑ ቀኑን፣ ምክንያቱን፣ ያየሁትን ሁለት ምንጭ፣ ፊርማዬንም። ደብተሩን አዙሬ ሰጠኋት። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ አነበበችው፤ ከዚያ ስልኳን አውጥታ ገጹን ፎቶ አነሳችው።