አልኮል መጠጣት ለማቆም የሚረዱ የድጋፍ ስብሰባዎች፦ እንዴት አግኝተው መካፈል ይችላሉ?

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በስኮትዴልና በአካባቢው ለሚኖሩ፣ መጠጥ ለማቆም ለሚፈልጉ ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው ነው።

ለማቆም ሞክረው አልሆነልዎትም?

ብዙ ሰዎች "ከበዓሉ በኋላ አልጠጣም" ብለው ይወስናሉ። ከዚያ ሠርግ ወይም ልቅሶ ይመጣል፣ ወዳጅ "እስቲ ትንሽ ይቅመሱ" ይላል፤ ውሳኔውም ይፈርሳል። የአልኮል ሱስ ሕመም ነው። የጸባይ ብልሽት ወይም የእምነት ማነስ አይደለም። ሕመሙን ደብቀው ለብቻዎ ከመታገል፣ በዚሁ መንገድ ካለፉ ሰዎች ጋር መቀመጥ ይረዳል።

መጀመሪያ ይህን ያንብቡ

በየቀኑ ብዙ የሚጠጡ ከሆነ ሐኪም ሳያማክሩ በድንገት አያቁሙ። አልኮል የለመደ ሰውነት በድንገት ሲቋረጥበት ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም ሊከተል ይችላል። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ጭንቀት ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ሊጀምሩ ይችላሉ። ሰውየው ራሱን ስቶ ከተንፈራገጠ፣ የሌለ ነገር ካየ ወይም ከሰማ፣ ግራ ከተጋባ ወይም ከፍተኛ ትኩሳት ካለው ወዲያውኑ 911 ይደውሉ።

ስብሰባ ሕክምናን አይተካም። ሐኪም የመጠጥ ፍላጎትን የሚቀንስ እንደ ናልትሬክሶን ያለ መድኃኒት ሊያዝልዎት ይችላል። ክሊኒክ ሲሄዱ በነፃ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ልጅዎ እንዲያስተረጉም አያድርጉ።

ስብሰባው ምንድን ነው?

በሰፊው የሚታወቀው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ወይም ኤኤ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ ግዛት በአክሮን ከተማ፣ ከመጠጥ ለመላቀቅ በተረዳዱ ሁለት ሰዎች ተጀመረ፤ አንደኛው የአክሲዮን ሻጭ፣ ሌላው ሐኪም ነበሩ። ለመግባት የሚያስፈልገው መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ነው።

• ክፍያ የለውም። መዋጮ ሲሰበሰብ እንዲሰጡ አይገደዱም።
• መታወቂያ ወይም የኢሚግሬሽን ወረቀት አይጠየቅም። የመጀመሪያ ስምዎን ብቻ መናገር ይበቃል።
• ብዙ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይካሄዳል፤ ነገር ግን ከየትኛውም ሃይማኖት ጋር የተያያዘ አይደለም። ስለ እግዚአብሔር ሲነገር ይሰማሉ፤ እምነትዎን ግን እንዲቀይሩ አይጠየቁም። ጠበል የሚጠመቁ ወይም የሚሰግዱ ከሆነም ይቀጥሉ።
• የሰሙትን ውጭ አለማውራት የአባላቱ ደንብ ነው። ሆኖም ለሐኪም እንደሚነግሩት ምስጢር በሕግ የተጠበቀ አይደለም። የፍርድ ቤት ወይም የኢሚግሬሽን ጉዳይ ካለዎት ዝርዝሩን ለጠበቃዎ ይንገሩ።

በአቅራቢያዬ እንዴት አገኛለሁ?

1. "ሚቲንግ ጋይድ" የተባለውን የኤኤ ነፃ መተግበሪያ በስልክዎ ይጫኑ። የስኮትዴልን ዚፕ ኮድ 30079 ያስገቡ። በዲኬተር፣ በክላርክስተን፣ በአቮንዴል ኢስቴትስና በታከርም ይፈልጉ።
2. "ክፍት" ስብሰባ ለማንኛውም ሰው ነው፤ ጓደኛ ወይም የቤተሰብ አባል ይዘው መሄድ ይችላሉ። "ዝግ" ስብሰባ መጠጥ ለማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። የሴቶች ብቻ ስብሰባም አለ።
3. መኪና ከሌለዎት፣ ለስኮትዴል ቅርብ የሆኑት የማርታ ባቡር ጣቢያዎች አቮንዴልና ኬንሲንግተን ናቸው። ለማታ ስብሰባ የመመለሻውን አውቶቡስ ሰዓት አስቀድመው ይዩ።
4. የሐበሻ ሰው እንዳያይዎት ከሰጉ ወይም በፈረቃ የሚሠሩ ከሆነ፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የሚካሄዱ ስብሰባዎች አሉ።

በመጀመሪያው ቀን ምን ይሆናል?

አሥር ደቂቃ ቀደም ብለው ይድረሱ። ሰዎች በየተራ ስለ ራሳቸው ይናገራሉ፤ ሌሎቹ ሳያቋርጡ ያዳምጣሉ። ስብሰባው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የመናገር ግዴታ የለብዎትም። ተራዎ ሲደርስ "አይ ዊል ጀስት ሊስን" ቢሉ፣ "ማዳመጥ ብቻ ነው የምፈልገው" ማለት ነው፤ ማንም አይቀየምም። እንግሊዝኛዎ ትንሽ ቢሆንም ይሂዱ። ፍርድ ቤት ልኮዎት ከሆነ ፎርምዎን ይዘው ማን እንደሚፈርም ከስብሰባው በፊት ይጠይቁ።

አንዱ ቡድን ካልተስማማዎት ሌላ ይሞክሩ። መልሰው ከጠጡም አይቅሩ። ተመልሶ የመጣን ሰው ማንም አያባርርም፤ እዚያ ካሉት ብዙዎቹ እንዲሁ ወድቀው ተነሥተዋል።

ለቤተሰብ

የሚጠጣው ሰው ገና ለማቆም ባይፈልግም እርስዎ እርዳታ ማግኘት ይችላሉ። አል-አኖን ለቤተሰብና ለወዳጅ፣ አላቲን ደግሞ ለወጣት ልጆች የተዘጋጁ ነፃ ስብሰባዎች ናቸው።

የስልክ ቁጥሮች

• ለሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታ፦ 911
• ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም ከባድ ጭንቀት፦ 988 (ቀንና ሌሊት)
• የጆርጂያ የአእምሮ ጤናና የሱስ እርዳታ መስመር፦ 1-800-715-4225 (ቀንና ሌሊት)

ሲደውሉ መጀመሪያ "አምሃሪክ ፕሊስ" ይበሉና አስተርጓሚ እስኪገናኝ ስልኩን ሳይዘጉ ይጠብቁ።

ዛሬ ማድረግ የሚችሉት፦ በዚህ ሳምንት የሚካሄድ አንድ ስብሰባ መርጠው ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉ፤ አብሮዎት እንዲሄድ ለሚያምኑት አንድ ሰው ይንገሩ።